መርከቡ ባዶ የሆነባት ሰዓት

ካዛንቺስ፣ የአባታችን ቤት ጓሮ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፣ ሰፈርተኛው ቀትር ላይ በሥሩ አያልፍም፣ ሰው በስሙ የሚጠራ ነገር አለበት ይባላል፣ ታዲያ በጠራራ ፀሐይ ልብስ አጥቤ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ የማሰጣው እኔ ነበርኩ፣ «ከጠራኝማ እሰየው፣ ወርዶ ያግዘኝ» እያልኩ። ይህን የማወራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው። ሟርት በሉት፣ የሕልም ፍቺ በሉት፣ የቀትር ጋኔን በሉት፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሥራ አለብኝ ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ «ውቢት ልቧ ድንጋይ ነው» ይሉኛል፣ ይበሉ። ብቻ ወንድሜ በታመመበት ሰሞን የገጠመኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ፣ ሌሊት ቢሆን እንኳ እንቅልፍ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የሆነው ግን ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ ቁልጭ ብላ።

መርከብ ላይ ነው የሆነው። አዎ፣ መርከብ ነው ያልኩት፣ አትሳቁብኝ። ባምቢስ አካባቢ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ሴትዮ መርከብ ላይ ምን ወሰዳት ትሉ ይሆናል፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ልጄ ሜሮን ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ክፍል ትሠራለች፣ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ «ማሚ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ አለቀ፣ በቃ፣ ታርፊያለሽ» ብላ አብረን የምንሄድበት የአንድ ሳምንት የመርከብ ሽርሽር ትኬት ቆረጠች፣ ቆይታ ደግሞ ቅናሽ አገኘሁ ብላ የሚቀጥለውንም ሳምንት በዚያው መርከብ፣ በዚያው ክፍል ጨመረችበት። «ባክ ቱ ባክ ይባላል» አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት ጀርባና ጀርባ ማለት ነው አለችኝ፣ «እሱማ የተጣሉ ባልና ሚስት አተኛኘት ነው» አልኳት፣ በስልክ ሳቀች። አሁን ሳስበው ያኔ እንደሳቀችው ዳግመኛ ስትስቅ አልሰማሁም።

ልቤ ግን መሄድ አልፈለገም፣ በወንድሜ ምክንያት። አባታችን የሞተው እኔ ገና ጥርሴን ስለውጥ ነው፣ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ የዳረኝም ጋሼ ታምራት ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያ መካኒክ ነበር፣ እንደዚያ ጊዜ የባቡር ሰዎች ሁሉ ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ነው የሚያወራው፣ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ከዘገየሁበት «አሌ! አሌ!» እያለ ያጣድፈኛል፣ ሂጂ፣ ፍጠኚ ማለቱ ነው፣ ከሸመገለም በኋላ ሰው ሁሉ በዚያ ነበር የሚቀልድበት። ሰፈራችን ሲፈርስ እሱና ሚስቱ ወርቅነሽ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኔ ባምቢስ ጀርባ ተከራየሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ጋሼን ግራ ጎኑን መታው፣ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ነበር የሚሄደው።

ልሰናበተው ስሄድ አልጋው ላይ ቀና ብሎ «ሂጂ እንጂ፣ ባሕር አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ። በር ላይ ወርቅነሽን ያዝኳትና «ወርቄ፣ ትንሽ እንኳ ቢብሰው ትደውይልኛለሽ፣ ከዱባይ የአራት ሰዓት በረራ ነው፣ የትም ብሆን እመጣለሁ፣ ያለ እሱ አላደግኩም፣ ያለ እኔ እንዲሄድ አልፈልግም» አልኳት፣ በማርያም አስማልኳት። ማለች። እጄን ይዛ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ማለች፣ ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካመጡባችሁ ምን እንደሚጠብቃችሁ እኔ ልንገራችሁ። መርከቡ ፎቅ ነው፣ ሰንጋ ተራ ካሉት ሕንፃዎች አንዱን አንስታችሁ ውኃ ላይ አስቀምጡት። ምግቡ አያልቅም፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነኝ ብላችሁ ብትለፈልፉ ግን የሚገባው የለም፣ አስተናጋጁ ራሱን ነቅንቆ፣ እሺ ብሎ፣ ቅቤ የነከረውን ዓሣ ያመጣላችኋል። ማታ ማታ አንድ ዘፋኝ አለ፣ በዘፈኑ መሐል ሚስቱን የሚያማ ቀልድ ይናገራል፣ ፈረንጁ ይንከተከታል፣ ሜሮን ተርጉማልኝ እኔም አንድ ሁለቴ ሳቅኩ። ክፍል የሚያጸዳልን ፊሊፒናዊ ልጅ ፎጣውን እንደ ዝሆን አጥፎ አልጋዬ ላይ ያስቀምጥልኛል፣ እመኑኝ፣ መጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር። ሜሮን በየማታው በኢንተርኔት ወደ ወርቄ ትደውላለች፣ ጋሼም «ባሕሩ አሁንም አለ?» ይለኛል፣ አለ እለዋለሁ።

ሁለተኛውን ሳምንት ለሚቆይ ሰው ሌላ ሥርዓት አለ። መርከቡ ተሳፋሪ በሚለውጥበት ቀን፣ ቅዳሜ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይወርዳል፣ እናንተ ሻንጣ አታሰናዱም፣ ልብሳችሁ እንደተሰቀለ ነው፣ በር የሚከፍተው ካርድ ብቻ ይታደሳል፣ ከዚያ የምትቆዩትን ጥቂት ሰዎች ሰብስበው ወደብ ላይ ያወርዷችኋል፣ ፓስፖርት ታሳያላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። በመሐሉ መርከቡ ባዶ የሚሆንባት ሰዓት አለች። ይህችን ማንም አይነግራችሁም።

ዓርብ ማታ ወራጁ ሁሉ ሻንጣውን ከየበሩ ውጭ አስቀመጠ፣ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ሻንጣ ሆነ፣ እኔን የካዛንቺስ ሰው ፍራሹንና ድስቱን ደጅ አውጥቶ መኪና የጠበቀበትን ቀን አስታወሰኝ። ጠዋት ዱባይ ደርሰን ቆመናል። የሜሮን ስልክ ጮኸ፣ አየችው፣ ወደ በረንዳው ወጥታ መስታወቱን ከኋላዋ ዘጋችው። አወራች፣ አዳመጠች፣ ግንባሯን ይዛ ባሕሩን እያየች ቆየች። ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«ማነው?» አልኳት።

«ሥራ ነው ማሚ፣ እነሱ መቼም አያሳርፉኝ። አንቺ እዚሁ ቆዪ፣ እኔ ካርዳችንን አሳድሼ መጣሁ።»

ወጣች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን ዘርፉን እየቋጠርኩ ነው። በሩን ከፍቼዋለሁ፣ መንገደኛው አልቋል፣ ሻንጣዎቹን ሌሊቱን ሲሰበስቧቸው ነው ያደሩት፣ የየክፍሉ በር ወለል ብሏል፣ አልጋው ተገፎ ፍራሹ ይታያል። አንሶላ የሚሰበስቡት ልጆች በጋሪያቸው እያወሩ አለፉ፣ ወደሌላው ፎቅ ሄዱ መሰለኝ ድምፃቸው ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ያ ሳምንቱን ሙሉ ከሥር ሲያጉረመርም የነበረው ነገር፣ ሞተሩ ይሁን ምኑ፣ ቀጥ አለ። እስከዚያ ድረስ መኖሩንም ልብ አላልኩትም ነበር፣ ሲቆም ግን ጆሮዬ በጥጥ የተደፈነ ያህል ሆነ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። የሽማግሌ ሳል፣ ከታፈነ ደረት። የቀረ ሰው አለ ብዬ ነጠላዬን መቋጠሬን ቀጠልኩ። ቆየት ብሎ የእግር ኮቴ፣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል፣ ስሙኝ፣ ኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር ወፍራም ምንጣፍ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ የአንድም ሰው እርምጃ ሰምቼበት አላውቅም፣ ይሄ ግን ሲሚንቶ ላይ እንደሚጎተት ጫማ «ሽርር» ይላል። ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። በየክፍሉ በር ላይ እየቆመ ወደ ውስጥ የሚያይ ይመስላል፣ ማለቴ ሰው የሚፈልግ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደደከመው ሰው፣ «አሌ... አሌ...» አለ።

ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በሊፍቱ በኩል አንድ የተረሳ ቡናማ ሻንጣ አለ፣ እሱ ላይ ጋሼ ተቀምጧል። እሱን የሚመስል ሰው አላልኳችሁም፣ ጋሼ ነው ያልኩት። ከቢጃማው በላይ ያንን ግራጫ ካፖርቱን ደርቧል፣ እግሩ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ ነው፣ አንዱ ብቻ፣ ግራ እግሩ ባዶ ነው። የተቆራረጠ ትንፋሹን እየሰበሰበ አየኝ።

«ሻንጣሽን አልያዝሽም እንዴ ውቢት? ሰዉ ሁሉ ወረደ እኮ» አለኝ።

እናንተዬ፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እዚያው ያለመደንገጤ ነው። ቢያንስ «በስመ አብ» ብል ምን ነበረበት? ሱቄ ጎራ ብሎ ያገኘኝ ያህል፣ በቃ፣ «እኛ እንቆያለን ጋሼ፣ የሚቀጥለውንም ቆርጠናል፣ አንወርድም» አልኩት።

«አትወርጂም?»

«አልወርድም፣ ተከፍሎበታል እኮ።»

«እንግዲያስ እኔ ልሂድ፣ እነሱ አይጠብቁም» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ፣ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ገባ፣ ፊቱን ሳያዞር ተዘጋ። ከበላዩ ቁጥሩ ወደ ታች እየቀነሰ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

ያኔ ነው ድንጋጤው የመጣብኝ። ግድግዳውን እየያዝኩ እስከ ሊፍቱ ደረስኩ፣ ጋሼስ ይሁን፣ ሻንጣው የለም፣ ሻንጣው ራሱ የለም። ፊሊፒናዊው ልጅ ፎጣ ተሸክሞ ከወዲያ መጣ፣ «ማዳም?» አለኝ፣ በእጄ ሽማግሌ፣ ካፖርት፣ አንድ እግር ብዬ አሳየሁት፣ ትከሻውን ነቅንቆ ባዶውን ኮሪደር አሳየኝ።

ሜሮን አዲሶቹን ካርዶች ይዛ ስትመጣ ቦርሳዬን አንግቼ ቆሜ ነበር። «እንወርዳለን፣ አውሮፕላን ፈልጊልኝ፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ እገባለሁ» አልኳት።

«ማሚ ምን ሆንሽ?»

«ጋሼን አየሁት። አሁን፣ እዚህ።»

ልጄ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ካርዶቹ ከእጇ ወደቁ፣ ልታነሳቸው እንኳ አላጎነበሰችም። እኔ ሞኟ ያኔ የደነገጠችው እናቴ አበደች ብላ ነው ያልኩት። «ደውይልኝ፣ አሁኑኑ ድምፁን አሰሚኝ» አልኳት፣ ደወለች፣ ወርቄ አነሳች።

«ኧረ ደህና ነው የኔ እህት! አሁን ሾርባውን ጠጥቶ እንቅልፍ ወሰደው።»

«ቀስቅሽልኝ።»

«ሐኪሙ አትቀስቅሱት ብሏል፣ ምን ሆነሽ ነው? ወይ ጉድ፣ ተዝናኚ እንጂ! እሱ ራሱ ምን እያለ ነው መሰለሽ፣ ባሕሩን ትጥገብልኝ እያለ!»

«በማርያም?»

«በማርያም» አለች። ሁለተኛ ጊዜ።

ሜሮን ስልኩን ተቀበለችኝና «ሰማሽ ማሚ? እኔ ልሙት፣ ደህና ነው፣ ደክሞሽ ነው» አለችኝ። እናት ናችሁ፣ አባት ናችሁ፣ ልጃችሁ እኔ ልሙት ስትላችሁ ምን ትላላችሁ? ልጄን በምን አፌ ውሸታም ልበላት?

የምንቆየውን ሰዎች ሰብስበው አወረዱን። ወደቡ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜያለሁ፣ በእጄ ፓስፖርት፣ ከፊቴ የታክሲ ሰልፍ፣ በላዬ አውሮፕላን እያለፈ፣ ሜሮን አንዲት ቃል ብትነግረኝ፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ያለ ሻንጣ እሄድ ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን አይታ፣ ፈገግ ብላ፣ በሌላው በር መልሳ ወደ መርከቡ አስገባችኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ እሱንም እወቁት። ያንኑ የነፍስ አድን ጃኬት እንደገና አስለብሰው ያሰለጥኗችኋል፣ ያው ወደብ ነው፣ በዚያው ቀን ያው ምግብ፣ ዘፋኙ በዚያችው ዘፈን መሐል ሚስቱን በዚያችው ቀልድ ያማታል፣ አዲሶቹ ፈረንጆች በዚያችው ቦታ ይንከተከታሉ። እኔ በየጠዋቱ ሜሮን ገላዋን ስትታጠብ በሩን ከፍቼ ወደ ሊፍቱ እያየሁ እቀመጣለሁ። ሳል የለም፣ ኮቴ የለም። መጥቶ ባስፈራራኝ ይሻል ነበር። በስልክም ጋሼን አላገኘሁትም፣ ተኝቷል፣ እየታጠበ ነው፣ ኔትዎርኩ እንቢ አለ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር አለ። ሜሮን መብላት ተወች፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ታለቅሳለች፣ ምነው ስላት ጉንፋን ነው ትለኛለች።

ሜሮን «አብሬሽ አዲስ አበባ ድረስ እመጣለሁ» ስትል ገባኝ። ገብቶኝም አልጠየቅኳትም፣ ምናልባት ካልተናገርኩት አይሆንም ብዬ ይሆናል።

ማታ ገባን፣ ሰንጋ ተራ እንሂድ ስል ሊቀበሉን የመጡት ዘመዶች «ነገ፣ ነገ፣ ዛሬ ደክሞሻል» ብለው ቤቴ አስገቡኝ። ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ፣ የካዛንቺስ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ በከተማው ዳርቻ የተበተኑት፣ ታክሲ ሳይጀምር በምን እንደመጡ እንጃ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞልተውታል፣ የእድራችን ዳኛ ከፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እርጉም ማለዳ! «አይድከሙ አባባ፣ እሱ ራሱ ነግሮኛል፣ መቼ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የጮህኩትን አላውቀውም።

የባሰበት ያቺ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወርቄ ለሜሮን ደውላ «እሱ እየጠራት ነው፣ ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ባዕድ አገር መሐል ደንግጣ እንዳትወድቅብሽ» ያለቻት ጠዋት። ያረፈው በማግሥቱ፣ እሑድ ማታ ነው። ቅዳሜ ብወርድ ማታውን እጁን ይዤው ነበር። ሰኞ ቀበሩት፣ እኔ ሰኞ ዕለት ሾርባው ቀዝቅዟል እያልኩ ከአስተናጋጅ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

ለቅሶ ላይ ሁሉም «ለአንቺ አዝነን ነው» ይሉኛል። አገሩ እንዲህ ነው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ አይነገርም፣ መርዶ በማለዳ፣ በአገሩ፣ በሰው መሐል ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም ስንቱን ሰው ማልጄ አርድቻለሁ። ግን እሱ እኮ አልሞተም ነበር! በሕይወት ያለ ሰው መርዶ አለው እንዴ? «ማን እዘኑልኝ አላችሁ?» እያልኩ ድንኳኑ ውስጥ ስጮኽ ሴቶቹ ሐዘን ነው እያሉ ጀርባዬን ይመቱኛል። ሜሮን እግሬ ላይ ወደቀች፣ «እነሱ ናቸው አትንገሪ ያሉኝ» እያለች። አነሳኋት። አነሳኋት እንጂ ልቤ አላነሳትም።

ያየሁትንና ያልኩትን ከሜሮን በቀር ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለእሷም ቢሆን አየሁት ብቻ ነው ያልኳት፣ ምን እንዳለኝ፣ ምን እንደመለስኩለት አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። በአርባው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እኔና ወርቄ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን ልብሱን እያጣጠፍን ነበር። ከምንም ሳትነሳ፣ ካፖርቱን እየጠቀለለች፣ «ውቢት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ ብቻ» አለችኝ።

«በይ።»

«ያቺ ቅዳሜ ጠዋት ለሜሮን ደውዬ ስመለስ አልጋው ላይ የለም። በር ድረስ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ አንድ እግሩን ባዶውን። በዚያ አቅሙ እንዴት እንደተነሳ እንጃ። አስተኛሁት። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ፣ እየቃዠ ነው ብዬ ለማንም አላወራሁትም፣ 'ውቢትን አትጥሯት፣ ጠይቄያት አልወርድም አለችኝ' አለ።»

«እኛ ከደወልንልሽ በኋላ ነው አይደል?» አልኳት፣ «በስልክ ስናወራ ሰምቶ ነው?»

«ኧረ ገና ሳትደውሉ ነው እንጂ። እናንተ ስትደውሉማ ሾርባውን ጠጥቶ ተኝቶ ነበር፣ እሱስ ውሸት አልነበረም።»

የያዝኩትን ሸሚዝ አስቀመጥኩት። «ተቆጥቶ ነበር?»

«አይ፣ አልተቆጣም» አለች ወርቄ፣ «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ስምሽን አላነሳም።»

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ «ድካም ነው ልጄ፣ ጸልዪ» አሉኝ፣ እሺ፣ የእኔው ድካም ይሁን፣ የእሱስ? ሜሮን በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ይቅር በይኝ ትለኛለች፣ ብዬሻለሁ እላታለሁ፣ ከአንገት በላይ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። እናንተ ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ እንድወርድ ያልነገሩኝ እነሱ፣ አልወርድም ያልኩት እኔ፣ ታዲያ ጋሼ ቅር ብሎት የሄደው በማን ነው?